የመጀመሪያዬን የእጅ ጂፒኤስ የመረጥኩት ሐይቅ ዳር ቆሜ ነው

ስልኬ እንጀራዬ ነው። ሲያትል ውስጥ ሰው እያመላለስኩ ነው የምኖረው። ጥሪው የሚመጣው በስልክ ነው፤ መንገዱን የሚመራኝ ስልክ ነው፤ ሒሳቤም የሚገባው በዚያው ነው። ባለፈው መስከረም የአሥር ዓመቷ ልጄ የተደበቀ ሣጥን ፍለጋ ስልኬን ይዛ ጫካ ውስጥ ስትሮጥ እርጥብ ሥር አንሸራተታት። እሷ በጉልበቷ አረፈች፣ ስልኩ ድንጋይ ላይ። ልጄ ደህና ነበረች፤ ተመስገን ነው። ስክሪኑ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ብነካው ብነካው አልሰማም አለ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ማታ ሥራ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር የሆነ ሰው ያውቀዋል።

ያን ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ወሰንኩ። ከእንግዲህ ለጨዋታው የራሱ መሣሪያ ይገዛለታል።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው ሣጥን ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለሁሉም ያወጣል። ሌላው በጂፒኤስ፣ ከሳተላይት ሲግናል እየተቀበለ ያለህበትን ቦታ በሚነግርህ መሣሪያ፣ ፈልጎ ያገኘዋል። ውስጡ ትንሽ መዝገብ አለ፤ ስምህን ትፈርማለህ። ሣጥኑ ተለቅ ያለ ከሆነ ትናንሽ ዕቃዎችም ይኖሩበታል፤ አንድ ከወሰድክ የሚመጥነውን ወይም የሚሻለውን ትተካለህ። ከዚያ እንደነበረው መልሰህ ትደብቀዋለህ። ተጫዋቾቹ ‹ካሽ› ነው የሚሉት። ከጥሬ ገንዘቡ ጋር እንዳይምታታብን እኔና ልጄ ሣጥን እንለዋለን፤ አንዳንዱ ከጣት ጥፍር ባይበልጥም። ለልጄ ያስረዳኋት በኩኩሉ ነው። እኛ ሰፈር አንዱ ‹ኩኩሉ› ሲል ሌላው ‹አልነጋም› እያለ ከየአጥሩ ሥር ይደበቅ ነበር። እዚህ የሚደበቀው ዕቃ ነው።

ጨዋታው ለእኛ የጎረቤት ልጅ ነው። የተወለደው ከእኛ በስተደቡብ፣ ኦሪገን ውስጥ ነው። ቀድሞ የአሜሪካ መንግሥት ለተራው ሰው የሚደርሰውን የጂፒኤስ ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቆመ። ወዲያው ሜይ 3 ቀን ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ፖርትላንድ አጠገብ፣ ቢቨርክሪክ የሚባል ቦታ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ አወጣው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ጨዋታውን የሚመራው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚሁ ሲያትል፣ ፍሪሞንት ሰፈር ነው። ስንቱን ተሳፋሪ እዚያ አካባቢ አውርጃለሁ፣ ምን እንዳለ ሳላውቅ።

ወደ መሣሪያው ልመለስ።

ልገዛ መሆኑን የሰማ አንድ ባልደረባዬ ‹‹ቆይ፣ እኔ ጋ አንድ አለ›› ብሎ ከጋራዡ ቢጫ ኢትሬክስ አወጣልኝ። ጋርሚን የሚባለው የጂፒኤስ አምራች ያወጣው የመጀመሪያው ኢትሬክስ ነው፤ ልክ ጨዋታው በተጀመረበት ዓመት የወጣ። ሁለት ባትሪ ድንጋይ አጎረስኩት። በራ! ሃያ ዓመት ያለፈው ዕቃ መብራቱ ራሱ ደስ አለኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጄን ይዤ ወደ ሲዋርድ ፓርክ ሄድን።

ሲዋርድ ፓርክ ለእኛ ሬይኒየር ቫሊ ለምንኖር ሐበሾች ቅርብ ነው። በጋ ላይ ሥጋ ይዘን የምንሰበሰብበት ቦታ ነው። ሦስት ጎኑን የዋሽንግተን ሐይቅ ከቦታል፤ ውስጡ ደግሞ መጥረቢያ ያልነካው ጥንታዊ ደን አለ። የሣጥኑ ኬክሮስ 47 ዲግሪ ከ33.500 ደቂቃ ነበር እንበል። እውነተኛውን አልጽፍም፤ የደበቀውን ሰው ድካም ማበላሸት ይሆንብኛል። ቁጥሩን በቢጫው ዕቃ ትንንሽ ቁልፎች አንድ በአንድ አስገባሁ። ቀስቱ ወደ ሰሜን ጠቆመ። ደኑ ውስጥ ስንገባ ሳተላይቱ ይጠፋል፣ ገላጣ ስናገኝ ይመለሳል። እንደዚያ እየሆንን ሄደን ሄደን ውሃው ዳር ደረስን። ቀስቱ አሁንም ሰሜን ነው የሚለው። ልጄ ሐይቁን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

‹‹አባዬ፣ ሣጥኑ ውሃ ውስጥ ነው እንዴ?››

ምን ልበላት? ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ሹፌሮች እንሰባሰባለን። ከመካከላችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። አገር ቤት ካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ቀያሽ ነበሩ። ሰኞ ዕለት ቢጫውን ዕቃ ይዤ መኪናቸው ድረስ ሄድኩ። ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ። ትናንት ሐይቅ ውስጥ ሊከተኝ ነበር›› አልኳቸው።

መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አዘንበል አድርገው ሜኑውን አንድ በአንድ አዩት። እጃቸው ዓመታት ያልነካውን ሥራ እንዳልረሳ ያስታውቃል።

‹‹ቁጥሩን ስታስገባ ነጥቡ የት ነበር?›› አሉኝ።

‹‹ነጥቡን አላየሁትም። ሠላሳ ሦስት፣ ከዚያ አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው ያልኩት።››

‹‹ይኸውልህ። ይሄ ዕቃ ካንተ የሚጠብቀው ሰከንድ ነው። አንተ የሰጠኸው የደቂቃ ክፍልፋይ ነው።››

ጨዋታው ቦታ የሚጽፈው በዲግሪና በደቂቃ ነው፤ ደቂቃው ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ አለው። 33.500 ደቂቃ ማለት 33 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። የቀድሞው ባለቤት ግን ዕቃውን በዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ አድርጎት ኖሮ 33 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ብሎ ተቀበለኝ። ልዩነቱ 20 ሰከንድ ነው። የኬክሮስ አንድ ሰከንድ መሬት ላይ ወደ 31 ሜትር ነው። ሒሳቡን አስሉት፤ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን። ሲዋርድ ፓርክ ላይ ያ ማለት ሐይቅ ነው።

‹‹ዳተሙንስ አይተኸዋል?›› አሉኝ ቀጥለው።

ዳተም የሚባል ነገር መኖሩን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ካርታ ሁሉ የምድርን ቅርጽና መነሻ ነጥብን አንድ ቦታ ቆርጦ ይዞ ነው የሚሰላው። መነሻው ከተለያየ ያው ቁጥር ሌላ ቦታ ይወስድሃል። ጂፒኤስና ጂኦካሺንግ የሚጠቀሙት ደብልዩጂኤስ 84 የሚባለውን ነው። ጋሼ የሠሩባቸው የኢትዮጵያ ካርታዎች ደግሞ በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ነበሩ። ‹‹ከአዲንዳን ካርታ ያነበብከውን እንዳለ በዚህ ብታስገባው ከመቶ ሜትር በላይ ትስታለህ። መቶ ሜትር ደግሞ እኛ አገር ከገደሉ ወዲህና ወዲያ ማዶ ነው›› አሉኝ። የእኔ ዕቃ ዳተሙስ ደህና ነበር። ሌላ ሰው የያዘውን መሣሪያ የምትገዙ ግን ሁለቱንም፣ ፎርማቱንም ዳተሙንም፣ ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት እዩ።

ተራችን እስኪደርስ አንድ ሌላ ነገር ነገሩኝ። በጣም ነው የወደድኩት። የመጨረሻዋ አኃዝ፣ አንድ ሺኛ ደቂቃዋ፣ በሰሜንና በደቡብ ሲሄዱ 1.85 ሜትር ናት፤ የትም አገር ያው ነው ማለት ይቻላል። በምሥራቅና በምዕራብ ግን ይለያያል። አዲስ አበባ ላይ 1.83 ሜትር ገደማ ናት። ሲያትል ላይ 1.25 ሜትር ብቻ። ወደ ዋልታው በተጠጋህ ቁጥር የኬንትሮስ መስመሮቹ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ጣታቸውን መሪው ላይ እየጎተቱ ነው ያሳዩኝ።

ከዚያ ወደ ግዢው መጣን። ‹‹ስክሪኑ ስንት ነው ብለህ አትጠይቅ። ስትቆም ቀስቱ ምን ይሆናል ብለህ ጠይቅ›› አሉኝ።

የምርጫዬ መሠረት ይቺ ንግግር ናት። ላብራራት።

ጂፒኤስ በራሱ የት እንዳለህ እንጂ ፊትህን ወዴት እንዳዞርክ አያውቅም። አቅጣጫህን የሚያውቀው ስትራመድ ነው፤ ቅድም እዚያ ነበርክ፣ አሁን እዚህ ነህ፣ ስለዚህ ወደዚህ እየሄድክ ነው ብሎ። ስትቆም የሚያውቀው ነገር የለም። ቀስቱ ወይ ይደርቃል ወይ ያለ ምክንያት ይዞራል። መኪና ውስጥ ይሄ አያሳስብም፤ መኪና ይሄዳል። ሣጥን ፍለጋ ላይ ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው ቆመህ ነው። የመጨረሻው አሥር ሜትር ላይ ትቆማለህ፣ ዞር ትላለህ፣ ጎንበስ ትላለህ፣ ሁለት እርምጃ ሄደህ ትመለሳለህ። በዚያ ሰዓት የምትፈልገው ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ ያለው መሣሪያ ነው። ኮምፓሱም ሦስት አክሲስ ቢሆን ይመረጣል፤ እንደ ሳህን አስተካክለህ ባትይዘውም ይሠራል። ልጅ ደግሞ ምንም ነገር አስተካክሎ አይዝም።

ይህን ይዤ የካምፕ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ የሰጠኝ ጂፒኤስማፕ 67ን ነው። ሲወጣ 500 ዶላር ነበር። እውነቱን ለመናገር ግሩም ዕቃ ነው። ከሳተላይቶቹ በሁለት ዓይነት ሞገድ ስለሚቀበል ሲግናሉ ከግንብ ወይም ከገደል ነጥሮ ሲመጣ የሚፈጠረውን ስህተት ይቀንሳል። ይሄ ስህተት ለእኔ አዲስ አይደለም። መሐል ከተማ ፎቆቹ መካከል ስገባ ስልኬ ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ዘልላ ሌላ ጎዳና ላይ ትቆማለች፤ ተሳፋሪው ‹‹የት ነህ?›› እያለ ይደውላል። እርጥብ ትልልቅ ዛፍ ሥርም ነገሩ ይመሳሰላል። ግን ለመጀመሪያ መሣሪያ 500 ዶላር ማውጣት አልተዋጠልኝም። ሣጥኑን የደበቀው ሰው መሣሪያም የራሱ ስህተት አለው እኮ። እሱ አምስት ሜትር ስቶ ከጻፈው የእኔ ዕቃ አንድ ሜትር ቢያስተካክል ምን ያደርግልኛል?

ቀጥሎ ኢትሬክስ ኤስኢን አየሁ። ሲወጣ 150 ዶላር። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ፀሐይ ላይ ይነበባል። በሁለት ድንጋይ እስከ 168 ሰዓት ይሄዳል ይላሉ አምራቾቹ፤ ሳምንት ማለት ነው። ዲጂታል ኮምፓስ አለው። ስልኩን ቦርሳው ውስጥ አስቀምጦ ከመተግበሪያው ጋር አገናኝቶ ለሚጫወት ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም፤ ብዙ ሰው ቢጠይቀኝ ይህን ግዛ ነው የምለው። እኔን ያስቀረኝ ካርታ የሌለው መሆኑ ነው። ከሐይቁ ነገር በኋላ ልጄ ውሃውን በሰማያዊ እንድታየው ፈለግሁ።

የቀሩት ኢትሬክስ 22ኤክስና 32ኤክስ ናቸው። ሁለቱም ቀለም ያለው ስክሪንና ካርታ አላቸው፤ ሁለቱም በሁለት ድንጋይ 25 ሰዓት ገደማ ይሠራሉ። ስክሪናቸውም አንድ ነው። ታዲያ 22ኤክስ ሲወጣ 200፣ 32ኤክስ 300 ዶላር የሆነው ለምንድን ነው? 32ኤክስ ባለ ሦስት አክሲስ ኮምፓስና የአየር ግፊት እየለካ ከፍታ የሚናገር ሴንሰር አለው። ከፍታው ተራራ ለሚወጣ ይጠቅማል፤ እኔ አልፈለግሁትም። ኮምፓሱን ግን ፈለግሁት። በዚያ ላይ ቁልፉ የሚጫን ነው፣ የሚዳሰስ ስክሪን አይደለም። እዚህ አገር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዝናብ ነው። ጓንት አድርገህ፣ ጣትህ ረጥቦ፣ የሚዳሰስ ስክሪን ሞክረህ ታውቃለህ?

አዲሱ አቅሜን ስለተፈታተነው ያገለገለ 32ኤክስ ፈልጌ በ170 ዶላር ገዛሁ። ከመክፈሌ በፊት የድንጋዩን ቤት ከፍቼ ሞላዎቹን በስልኬ መብራት አየሁ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል ማለት ነው፤ ተው። የኬብሉን መሰኪያ የሚሸፍነው ላስቲክ ካልተቀደደ ውሃ አይገባም። ኬብሉ ራሱ የድሮው ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ ሻጩ ካልሰጠህ አሁን ለማግኘት ትንሽ ትፈልጋለህ። ቁልፎቹን ሁሉ ጫንኩ። ከሰውዬው ጋር ግቢው ውስጥ ቆመን ሳተላይት እስኪይዝ ጠበቅን። ያልተቻኮለ ሻጭ ደስ ይላል።

ቤት ስደርስ ኮምፓሱን ካሊብሬት አደረግሁ። መሣሪያውን በሦስት አቅጣጫ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር መድገም ያስፈልጋል፤ ይህን ያልሰማ ሰው ኮምፓሱ ተበላሸ ብሎ ይሸጠዋል፣ ምናልባት የእኔም እንዲያ ሆኖ ይሆናል የመጣው። ከመኪና ርቆ ማድረግም ነው፤ ብረት ያሳስተዋል። ሜኑው ውስጥ የድንጋዩን ዓይነት መምረጥ አለ። የሚሞላ ድንጋይ አስገብተህ አልካላይን ብለህ ብትተወው ባትሪው ስንት እንደቀረው በትክክል አይነግርህም። እኔ የሚሞላውን ነው የምጠቀመው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ትርፍ አለ። ሲያልቅም የትኛውም ማደያ ይሸጣል፤ ለመጀመሪያ መሣሪያ ተራ ድንጋይ የሚበላውን የመረጥኩት ለዚህ ጭምር ነው።

ከዚያ ሦስት ቀን በሩ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ አንድ የሲሚንቶ መገጣጠሚያ መርጬ የዚያኑ ቦታ አቀማመጥ ደጋግሜ መዘገብኩ። መሣሪያው ብዙ ንባብ ወስዶ አማካዩን የሚይዝበት መንገድ አለው። ጠዋት የወሰድኩትና ማታ የወሰድኩት በአራት ሜትር ተለያዩ። ያው መሬት፣ ያው ዕቃ። ለልጄ ይህን ማሳየቴ በጣም ጠቅሞናል። ‹‹ዜሮ ሜትር›› ሲል ‹‹እዚህ ነው›› ማለቱ እንዳልሆነ ገባት። ‹‹እዚህ አካባቢ ነው፣ አሁን በዓይንሽ ፈልጊ›› ማለቱ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ወደ ሲዋርድ ፓርክ ተመለስን። ካፊያ ነበር። ስልኬ መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ ቻርጅ ላይ። ዝርዝሩን ከቤት በኮምፒውተር ጭኜው ስለነበር ቁጥር ማስገባት የለም፤ የሣጥኑ መግለጫና ፍንጩ ሁሉ መሣሪያው ላይ ነው። ልጄ ያዘችው። ማሰሪያውን አንገቷ ላይ አድርጌያታለሁ። መቶ ሀያ፣ ሰማንያ፣ አርባ እያለች ጮክ ብላ ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ አቆምኳት። ቆመች፣ ዞረች። ቀስቱም አብሯት ዞረ። አንድ የወደቀ ትልቅ ሴዳር ግንድ ላይ አረፈ።

ግንዱ ሙሉ በሙሉ የዛፍ ሽበት ለብሷል፤ እርጥብና ለስላሳ። በላዩ ላይ ሌሎች ትንንሽ ዛፎች በቅለውበታል። ልጄ ተንበረከከች። ከሥሩ በኩል ቅርፊቱ ከግንዱ የተላቀቀበት ቦታ ነበር፤ እዚያ ላይ ሦስት እንጨቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ተፈጥሮ እንጨት አይደረድርም። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ፊቷ ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም።

የምሳ ዕቃ የምታክል አረንጓዴ ፕላስቲክ ሣጥን ነበረች። ክዳኗ ጠጠር ስለያዘ ለመክፈት ታገልን። ውስጧ አንድ መኪና መጫወቻ፣ ሁለት ቁልፍ መያዣ፣ የካናዳ ሳንቲም። መዝገቡ ዚፕ ባለው ፌስታል ውስጥ ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ረጥቧል። የመጨረሻው ፈራሚ የመጣው ከ19 ቀን በፊት ነው። ልጄ እርሳሱን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ‹‹በአማርኛ ልጻፍ?›› አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሂጂ እያልኩ ከእሷ ጋር ስንት ተጨቃጭቄያለሁ። ቀስ ብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ስሟን በፊደል ጻፈች። አንዷን ፊደል እግሯን ረስታ መልሳ ቀጠለችላት። ኪሷ ውስጥ ይዛው የነበረውን የዶቃ አምባር ሣጥኑ ውስጥ ተወች። ምንም አልወሰደችም።

ሰኞ ለጋሼ ሁሉን ነገርኳቸው። የመሣሪያውን ነገር ብዙም አልጠየቁኝም፤ ስለ ግንዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ፊደሉ ጠየቁኝ። ቀጥሎ ቢቨርክሪክ ልንሄድ ነው፣ የመጀመሪያው ባልዲ የተቀበረበት ቦታ። ከዚህ ከሦስት ሰዓት በላይ ይነዳል። ‹‹እኔም እመጣለሁ›› አሉኝ። ‹‹ያቺን ቢጫዋን ደግሞ ለእኔ አምጣልኝ። ፎርማቷን አስተካክዬልሃለሁ አይደል? ልጅቷ በአዲሱ ትፈልግ፣ እኔ በአሮጌዋ። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እናያለን።››